ናሙና ሲቀየር የማይጮኽ የፒዞ ስቴጅ፦ የቁጥጥር አሠራር ደረጃ በደረጃ

«ተቆጣጣሪውን አስተካክዬ ጨርሼ ነበር፤ ሌላ ናሙና ስጭንበት ስቴጁ መጮኽ ጀመረ። ምን ነካው?» ይህ ጥያቄ የፒዞ ስቴጅ (ቮልቴጅ ሲሰጡት በሚረዝም ሴራሚክ፣ በፒዞ፣ ናሙናን በናኖ ሜትር ደረጃ የሚያንቀሳቅስ መድረክ) ከሚጠቀሙ ሰዎች በተለያየ አነጋገር ደጋግሞ ይደርሰኛል። መልሴም ያው ነው፤ ስቴጁን የለካችሁት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ጭነት፣ በአንድ ቦታ ላይ ነው። ተቆጣጣሪው (ቦታውን በሴንሰር እያነበበ ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ስሌት) የሚያውቀው ያንን ስቴጅ ብቻ ነው፤ ናሙና ስትቀይሩ ፊቱ የሚቆመው ሌላ ስቴጅ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር ግማሹ መለካት ነው። ትዕግሥት የሚጠይቀውም እሱ ነው።

ቁጥሮቹን በአንድ ምሳሌ ይዤ እሄዳለሁ። ስቴጁ ባለ አንድ ዘንግ ነው፤ 100 ማይክሮ ሜትር ይሄዳል፤ ተንቀሳቃሽ አካሉ 250 ግራም ይመዝናል፤ ባዶውን ሲነካ 300 ሄርዝ ላይ ይርገበገባል (ይህ ሬዞናንሱ ነው)፤ የማርገብ ምጣኔው (ንዝረቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሞት የሚናገረው ቁጥር) 0.01 ነው፤ የፒዞው ካፓሲታንስ 6 ማይክሮ ፋራድ ነው። የእናንተ ስቴጅ ቁጥሩ ቢለያይም ስሌቱ አይለወጥም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስቴጁ ከነቦታ ሴንሰሩ። ካፓሲቲቭ ሴንሰር ቢሆን ይመረጣል፤ ስትሬን ጌጅም ይሠራል፣ ጫጫታው ግን ይበዛል።
- የፒዞ አምፕሊፋየር። ከመግዛታችሁ በፊት የሚሰጠውን ከረንት አስሉ። ከፍተኛው ከረንት ፓይ ሲባዛ በድግግሞሹ፣ ሲባዛ በካፓሲታንሱ፣ ሲባዛ በጠቅላላው የቮልቴጅ ውጣ ውረድ ነው። በምሳሌያችን 100 ቮልት የሚወጣና የሚወርድ የ30 ሄርዝ ሳይን 57 ሚሊ አምፔር ይፈልጋል፤ 100 ሄርዝ ላይ ደግሞ 190 ሚሊ አምፔር ገደማ።
- በሰከንድ 20,000 ጊዜ አንብቦ፣ አስልቶ፣ መልስ የሚሰጥ ኮምፒውተር ወይም ካርድ። የውጤት መቀየሪያው ቢያንስ 18 ቢት ይሁን። በ16 ቢት 100 ማይክሮ ሜትር ሲከፈል አንዱ እርምጃ 1.5 ናኖ ሜትር ይሆናል፤ ከዚያ በታች ለመቆም የትኛውም ተቆጣጣሪ አይረዳችሁም።
- ኦሲሎስኮፕ።
- ባለ 100 እና ባለ 200 ግራም የሚዛን ድንጋይ፣ ከአጥብቆ ማሰሪያ ብሎን ጋር። እነዚህ የናሙና ምትክ ናቸው።
- ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ጫፎቹ የተሸፈኑ።
- አንድ አሥረኛ ዲግሪን የሚያሳይ ቴርሞሜትር።
- ማትላብ ወይም ፓይተን።

ማስጠንቀቂያ

የፒዞ ቁልል (ተደራርቦ የተሠራው ሴራሚክ) ኃይል ያጠራቅማል። አምፕሊፋየሩ ከጠፋ በኋላም ቮልቴጅ ሊኖረው ይችላል፤ ከሽቦው ተነቅሎ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቁልል እንኳ ሙቀቱ ሲለዋወጥ ወይም ሲጫኑት ራሱ ቮልቴጅ ያመነጫል። ከመንካታችሁ በፊት በሬዚስተሩ አማካይነት አፍስሱት። ሁለቱን ጫፍ በሽቦ በቀጥታ አታገናኙ፤ ድንገተኛው መኮማተር ሴራሚኩን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሴራሚኩ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ይሰበራል። ቀለበቱ (ከሴንሰር ወደ ተቆጣጣሪ፣ ከዚያ ወደ ስቴጅ የሚዞረው ግብረ መልስ) ሚዛኑን ስቶ ስቴጁ በሬዞናንሱ ሲርገበገብ ቁልሉን የሚጎዳው ይህ መሳሳብ ነው። ስለዚህ ስቴጁ ድምፅ ሲያወጣ «እስቲ ምን እንደሚሆን ልይ» አይባልም። የማቆሚያ ቁልፉ እጃችሁ ሥር ይሁን። 260 ሄርዝ ከፒያኖው መካከለኛ «ዶ» ጋር የሚቀራረብ ድምፅ ነው፤ ጠረጴዛው ሲዘምር ከኦሲሎስኮፑ በፊት ጆሯችሁ ይነግራችኋል።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ አምፕሊፋየሩንም ኮምፒውተሩንም በአንድ የባትሪ መጠባበቂያ ላይ አድርጉ። አምፕሊፋየሩ ብቻ ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ሲቀጥል ኢንተግሬተሩ (ስህተትን በጊዜ ላይ የሚደምረው የተቆጣጣሪው ክፍል) ስህተቱን እያጠራቀመ ይቆያል፤ መብራቱ ሲመለስ ስቴጁን ወደ ጥግ ይወረውረዋል።

አሠራሩ

1. እሰሩት፣ አሙቁት፣ ጠብቁት። ስቴጁን በከባድ ጠረጴዛ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ሁሉንም መሣሪያ አብርታችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተዉት። ምክንያቱ ሙቀት ነው። 50 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም በ0.1 ዲግሪ ሲሞቅ 115 ናኖ ሜትር ይረዝማል። ሴንሰሩ የሚያየው በራሱና በተንቀሳቃሹ አካል መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ስለሆነ ናሙናችሁን የተሸከመው ቅንፍ ሲረዝም ምንም አያይም። ቅንፉን አሳጥሩ፤ የአየር ማቀዝቀዣውን ንፋስ ከላዩ አንሱ።

2. ዝም ያለውን ስቴጅ አድምጡ። አምፕሊፋየሩን በቋሚ ቮልቴጅ አቁማችሁ ሴንሰሩን ለ10 ሰከንድ መዝግቡና በድግግሞሽ ተንትኑት። እዚህ የምታዩት ከዚህ በታች ልትወርዱ የማትችሉት ወለል ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩ ጫፍ ብቅ ካለ (አዲስ አበባ፣ በርሊን፣ ቴል አቪቭና ዱባይ 50 ሄርዝ ላይ፤ ዋሽንግተንና ሪያድ 60 ሄርዝ ላይ) መጀመሪያ የመሬት ሽቦውን አስተካክሉ። ሴንሰሩ ውስጥ የገባ የውሸት 50 ሄርዝ በተቆጣጣሪ አይጠፋም፤ እንዲያውም ተቆጣጣሪው አምኖት ስቴጁን ከእሱ ጋር ያወዛውዘዋል።

ከሴንሰሩ ጫጫታ ምን ያህሉ ወደ ቦታው እንደሚገባ ለመገመት ቀላል ስሌት አለ። የሴንሰሩ ጫጫታ በስኩዌር ሩት ሄርዝ 20 ፒኮ ሜትር፣ የምትፈልጉት ባንድዊድዝ (ስቴጁ ትእዛዝን መከተል የሚችልበት የድግግሞሽ ጣሪያ) 60 ሄርዝ ቢሆን፣ 60ን በ1.57 አባዝታችሁ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፤ 9.7 ነው። በ20 ሲባዛ 0.2 ናኖ ሜትር ገደማ ይሆናል። ባንድዊድዙን አራት እጥፍ ስታሰፉ ጫጫታው እጥፍ ይሆናል። «በተቻለ መጠን ፈጣን» የሚል ፍላጎት ይዛችሁ የመጣችሁ እንደሆነ እዚሁ ላይ ቁጥር ስጡት።

3. ስቴጁን አሥራ ስምንት ጊዜ ለኩ። አዎ፣ አሥራ ስምንት። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ነው ከላይ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቀኝ። ሦስት ጭነት (ባዶ፣ 100 ግራም፣ 200 ግራም)፣ ሦስት ቦታ (20፣ 50 እና 80 ማይክሮ ሜትር)፣ ሁለት የእንቅስቃሴ መጠን (100 ናኖ ሜትር እና 2 ማይክሮ ሜትር)። ለእያንዳንዱ ከ1 ሄርዝ እስከ 2 ኪሎ ሄርዝ (ትልቁን እንቅስቃሴ ግን ከ100 ሄርዝ በታች ብቻ) የድግግሞሽ ምላሹን፣ ጌይኑንም (ውጤቱ የግብዓቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ) ፌዙንም (በዲግሪ ምን ያህል እንደዘገየ)፣ መዝግቡ።

ጭነቱ የሚለወጠው ሬዞናንሱን ስለሚያወርድ ነው። አዲሱ ድግግሞሽ 300 ሄርዝ ሲባዛ፣ 250 ለጠቅላላው ክብደት ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥር ስኩዌር ሩት ነው፦ በ100 ግራም 254 ሄርዝ፣ በ200 ግራም 224 ሄርዝ። የምትለኩት ከዚህ ስሌት በጣም ከራቀ ድንጋዩ ላልቶ ታስሯል ማለት ነው፤ ብሎኑን ተመልከቱ።

የእንቅስቃሴው መጠን የሚለወጠው በሂስተሬሲስ ምክንያት ነው። ፒዞ ሲወጣና ሲወርድ በአንድ መንገድ አይሄድም፤ በሰፊ እንቅስቃሴ የሁለቱ መንገዶች ክፍተት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይደርሳል። በዚሁ የተነሳ በአንድ ቮልት የሚገኘው እርምጃ በትንሽ እንቅስቃሴና በትልቅ እንቅስቃሴ ላይ እኩል አይደለም። ሂስተሬሲሱን በሒሳብ ሞዴል ከመገልበጥ ይልቅ እኔ የምመርጠው የጌይን ልዩነት አድርጎ መያዝን ነው፤ ለዝግተኛ ሥራ ይበቃል።

በሬዞናንሱ አካባቢ ቮልቴጁን ቀንሱ። የማርገብ ምጣኔው 0.01 ሲሆን እዚያ ጌይኑ 50 እጥፍ ይዘላል፤ 100 ናኖ ሜትር ያሰባችሁት 5 ማይክሮ ሜትር ይሆናል፣ ባለ 2 ማይክሮ ሜትሩ ደግሞ ከስቴጁ ክልል ጋር እኩል ይሆናል። ለዚህ ነው ትልቁን እንቅስቃሴ ከ100 ሄርዝ በታች ብቻ የምለካው።

4. መዘግየቱን ቁጠሩ። በሰከንድ 20,000 ንባብ ማለት በየ50 ማይክሮ ሰከንዱ አንድ ነው። አንድ ዙር ለስሌት፣ ግማሽ ዙር ውጤቱ ቆሞ ለሚቆይበት፣ በድምሩ 75 ማይክሮ ሰከንድ። 260 ሄርዝ ላይ ይህ 7 ዲግሪ ፌዝ ይበላል። የሴንሰሩ ሳጥን ውስጥ 1 ኪሎ ሄርዝ ላይ የተቀመጠ ማጣሪያ ካለ እሱ ብቻውን 15 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ፋብሪካው ያስቀመጠውን ማጣሪያ ሳያዩ ተቆጣጣሪውን ሲወቅሱ የሚውሉ ብዙዎች ናቸው። የሚቻል ከሆነ ወደ 5 ኪሎ ሄርዝ ከፍ አድርጉት፤ ጉዳቱ ወደ 3 ዲግሪ ይወርዳል።

5. ቀላሉ መንገድ የት ድረስ እንደሚወስዳችሁ አስሉ። ኢንተግሬተር ብቻ ብትጠቀሙ ባንድዊድዙ ከማርገብ ምጣኔው እጥፍ ሲባዛ በሬዞናንሱ ድግግሞሽ ሊያልፍ አይችልም። ባዶው ስቴጅ 2 ሲባዛ በ0.01 ሲባዛ በ300፣ ማለትም 6 ሄርዝ። በ200 ግራም 4.5 ሄርዝ። መጠባበቂያ ለመያዝ ግማሹን ውሰዱ፤ 2.2 ሄርዝ ቀረ። እዚህ ላይ ነው ጩኸቱ የሚመጣው፦ በባዶው ስቴጅ ላይ 5 ሄርዝ ያለ ችግር ይሠራል፤ 200 ግራም ሲጫን ያው 5 ሄርዝ ከወሰኑ በላይ ነው።

2 ሄርዝ ከበቃችሁ እዚህ አቁሙና ወደ ደረጃ 8 ዝለሉ። ክሪፕን (ቮልቴጁ ቆሞም ስቴጁ ቀስ እያለ መንሸራተቱን) ለማሸነፍ ይበቃል። ያለ ግብረ መልስ 50 ማይክሮ ሜትር ያዘለለ ስቴጅ በየአሥር እጥፍ ጊዜው አንድ ተኩል ከመቶ ገደማ ይንሸራተታል፤ ከ0.1 እስከ 1 ሰከንድ 750 ናኖ ሜትር፣ እስከ 10 ሰከንድ ሌላ 750፣ እስከ 100 ሰከንድ ሌላ 750። ዝግተኛ ኢንተግሬተር ይህን ያለ ድካም ይይዘዋል።

ኖች ማጣሪያ (አንድን ድግግሞሽ ብቻ የሚቀንስ) አስገብቶ ሬዞናንሱን መሸፈን ብዙ ሰው የሚሞክረው ነው። ድግግሞሹ ካልተነቃነቀ ጥሩ ነው። ከ300 ወደ 224 ለሚወርድ ስቴጅ ግን ጉድጓዱ አንድ ቦታ፣ ጉብታው ሌላ ቦታ ይሆናል።

6. መጀመሪያ ንዝረቱን አርግቡ። ከመከተል በፊት ማርገብ፤ ለዚህም የምመክረው ኢንተግራል ሬዞናንት የሚባለውን የውስጥ ቀለበት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ) ወደ ስቴጁ የምትልኩትን ምልክት ከስቴጁ የዲሲ ጌይን (በጣም ዝግተኛ ትእዛዝ ላይ ካለው ጌይን) 1.6 እጥፍ በሆነ ቁጥር አባዙ፤ ከሴንሰሩ ንባብ ላይ ቀንሱት።

ለ) ውጤቱን በኢንተግሬተር አሳልፋችሁ ወደ ስቴጁ መልሱ። የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክቱ ከለመዳችሁት ተቃራኒ ነው፤ ቅነሳው በዝቅተኛ ድግግሞሽ የንባቡን ምልክት ስለሚገለብጠው ነው። ከተሳሳታችሁ ስቴጁ በቅጽበት ጥግ ይመታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የቮልቴጁን ጣሪያ 5 ቮልት ላይ አጥብባችሁ ሞክሩ።

ሐ) የኢንተግሬተሩን ጌይን ከዜሮ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ፤ የሬዞናንሱ ጉብታ ይሟሟል፣ ካለፋችሁት ደግሞ ሌላ ጉብታ ዝቅ ባለ ድግግሞሽ ላይ ብቅ ይላል። ጉብታው ዝቅተኛ የሆነበት ላይ ቁሙ። ለመነሻ፣ የዲሲ ጌይኑ 1 በሆነበት አለካክ፣ 1,260 በሰከንድ አካባቢ ነው፤ የምታገኙት የማርገብ ምጣኔም 0.3 ይጠጋል።

መ) የቦታ ትእዛዙ የሚገባው ከኢንተግሬተሩ በፊት ነው። ከኋላው ካስገባችሁት ኢንተግሬተሩ ትእዛዙን እንደ ረብሻ ቆጥሮ ያጠፋዋል።

ይህ ለምን ለውጥን ይችላል? የተቀነሰው ቁጥር የተመረጠው በዲሲ ጌይኑ ነው፤ የዲሲ ጌይን ደግሞ የሚወሰነው በስቴጁ ግትርነት እንጂ በጭነቱ አይደለም። ድንጋዩን ጫኑት፣ አንሱት፣ ያ ቁጥር ልክ ሆኖ ይቆያል። በትክክል የማይገጥመው የኢንተግሬተሩ ጌይን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በዚህ መጠን ቢዛነፍ ማርገቡ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ቀለበቱ አይናጋም።

7. የልዩነቱን ወሰን ሣሉ፤ ተከታዩን ተቆጣጣሪ በዚያ ላይ ሥሩ። ውስጠኛው ቀለበት ሥራ ላይ እያለ ልኬቶቹን ድገሙ። መካከለኛውን (260 ሄርዝ አካባቢ ያለውን) እንደ ዋና ሞዴል ያዙ። እያንዳንዱን ምላሽ በእሱ አካፍላችሁ አንድ ቀንሱ፤ መጠኑን ሣሉ። ከሁሉም በላይ የሚያልፈው መስመር የልዩነት ወሰኑ ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ በየድግግሞሹ የዝግ ቀለበቱ ጌይን (ግብረ መልሱ እየሠራ ከትእዛዝ እስከ ቦታ ያለው ጌይን) ከወሰኑ ግልባጭ ማነስ አለበት።

የደረጃ 6 ጥቅም ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ነው። ማርገብ ሳይኖር ወሰኑ 300 ሄርዝ አካባቢ 16 ይደርሳል፤ የዝግ ቀለበቱ ጌይን እዚያ ከ0.06 መብለጥ አይችልም ማለት ነው። ምጣኔው 0.3 ሲሆን፣ በሁለተኛ ደረጃ ሞዴል ሲሰላ፣ ጫፉ 0.6 ገደማ ብቻ ነው። ስቴጁ ያው፣ ድንጋዩም ያው።

ለብዙ ሰው ከዚህ በኋላ አንድ ኢንተግሬተር ይበቃል። ምልክቱን አትርሱ፤ የውስጡ ቀለበት የዲሲ ጌይኑን ኔጌቲቭ ስላደረገው የውጪው ኢንተግሬተርም ኔጌቲቭ ነው። የማይበቃችሁ ከሆነ ኤች ኢንፊኒቲ ስሌትን (ከምትሰጡት ገደብ ተነስቶ ተቆጣጣሪውን የሚያወጣ ዘዴ) በሦስት የክብደት መስመሮች አሠሩ፦ አንዱ በዝቅተኛ ድግግሞሽ ስህተቱን የሚቀጣ (እስከምትፈልጉት 60 ሄርዝ)፣ አንዱ አምፕሊፋየሩን ከአቅሙ በላይ እንዳይጠየቅ የሚገድብ፣ አንዱ ከላይ የሣላችሁት ወሰን ራሱ። የማትላብ የሮበስት ኮንትሮል መሣሪያ ይህን ይሠራል፤ የፓይተኑ የቁጥጥር ላይብረሪም ስላይኮት የሚባል ተጨማሪ ጥቅል ሲታከልበት ይሠራል። ውጤቱ ጋማ የሚባል ቁጥር ነው። ከ1 በታች ከሆነ የጠየቃችሁት ሁሉ ተሟልቷል። 1.4 ከሆነ 60 ሄርዙን ወደ 45 አውርዱ። የወሰኑን መስመር ዝቅ አድርጎ ጋማውን ማሳመር ግን ራስን ማታለል ነው፤ ያ መስመር ምኞት አይደለም፣ የለካችሁት ነው።

8. ስቴጁን ሳትነኩ ሁሉንም ፈትኑ። ተቆጣጣሪውን ከነመዘግየቱ በሁሉም የተለኩ ምላሾች ላይ በኮምፒውተር አስሉ። ለእያንዳንዱ የሴንሲቲቪቲው (ቀለበቱ ረብሻን በየድግግሞሹ ምን ያህል እንደሚቀንስ ወይም እንደሚያጎላ የሚያሳየው መስመር) ጫፍ ከ2 አይለፍ። ሁለት የሚለው ቁጥር የናይክዊስት መስመሩ (የቀለበቱ ጌይንና ፌዝ በአንድ ሥዕል) ቀለበቱ ከሚናጋበት ነጥብ፣ ከኔጌቲቭ አንድ፣ ቢያንስ በግማሽ እንዲርቅ ያደርጋል፤ ነገ የሚመጣው ያልለካችሁት ናሙና የሚኖርበት ቦታ እሱ ነው። አንዱ ምላሽ እንኳ 2.5 ካሳየ ጌይኑን ቀንሳችሁ ድገሙ።

9. ሥራ ላይ አውሉ። ቮልቴጁ ጣሪያ ሲነካ ኢንተግሬተሩ ማጠራቀሙን የሚያቆምበት ሕግ አስገቡ። ትእዛዙን በድንገት አታዝልሉ፤ በ10 ወይም 20 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲወጣ አድርጉ። ቀለበቱን ስትዘጉም ትእዛዙ ስቴጁ አሁን ካለበት ቦታ ይጀምር።

10. በተለየ ዓይን አረጋግጡ። ሴንሰሩ 0.1 ናኖ ሜትር ስህተት ቢያሳይ ናሙናው እዚያ ነው ማለት አይደለም። ሴንሰሩ ለተቆጣጣሪው ዓይን ስለሆነ የሚዋሸውን ውሸት ተቆጣጣሪው እውነት ያደርገዋል። ኢንተርፌሮሜትር ለአንድ ቀን ተዋሱ፤ ካልተገኘ ደረጃው የታወቀ የካሊብሬሽን ፍርግርግ በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቃኙ። መለካቱ ናሙናው በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ ይሁን፤ ስቴጁ በትንሹ ካዘነበለ ስህተቱ ከከፍታው ጋር ያድጋል።

የተለመዱ ስህተቶች

*በቅኝት ጊዜ የሚታይ ትልቅ ስህተት።* 10 ማይክሮ ሜትር በ10 ሄርዝ ሦስት ማዕዘን እየሣለ የሚሄድ ስቴጅ በሰከንድ 200 ማይክሮ ሜትር ይጓዛል። 40 ሄርዝ ባንድዊድዝ ያለው ነጠላ ኢንተግሬተር ከትእዛዙ 0.8 ማይክሮ ሜትር ወደ ኋላ ይቀራል። ሰው ይህን አይቶ ጌይኑን ይጨምርና ስቴጁን ያስጮኻል። ችግሩ ጌይን አይደለም፤ ነጠላ ኢንተግሬተር ተዳፋት ሲከተል ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ትእዛዙን በቀጥታ ወደ ፊት የሚያሳልፍ መስመር ጨምሩ፤ ወይም ሁለተኛ ኢንተግሬተር አስገብታችሁ ደረጃ 8ን ድገሙ።

*ዲ ክፍሉን ማብዛት።* በፒ አይ ዲ፣ በተለመደው ባለ ሦስት ክፍል ተቆጣጣሪ፣ ውስጥ ያለው ዲ (የስህተቱን የለውጥ ፍጥነት የሚያየው ክፍል) የሴንሰሩን ጫጫታ በድግግሞሹ ልክ ያጎላዋል። አምፕሊፋየሩ ሲሞቅና ስቴጁ ሹክሹክ ሲል መጀመሪያ እሱን ተመልከቱ።

*ላላ ያለ ናሙና።* በሁለት በኩል በሚጣበቅ ቴፕ የተያዘ ናሙና ራሱ ሌላ ስፕሪንግ ነው፤ ባልተጠበቀ ድግግሞሽ አዲስ ጉብታ ያመጣል። አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ተቆጣጣሪውን ስፈትሽ ከርሜ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ጥግ ላይ የተላቀቀ ቴፕ ነበር። ቀጭን ሰም ወይም ብሎን ይሻላል።

*ገመዱን መርሳት።* ከናሙናው ጋር የሚንቀሳቀስ ወፍራም ገመድ ካለ ጭነትም ስፕሪንግም ነው። ደረጃ 3ን ገመዱ ታስሮ እያለ ለኩ፤ ገመዱ የተቀየረ ቀንም ቢያንስ ባዶውን እና ከባዱን ጭነት እንደገና ለክታችሁ አዲሱ መስመር ከወሰኑ በታች መሆኑን እዩ።